ኮርኒስ ወለል አይደለም
በፉሪ በሚሠሩ አዲስ ቤቶች ስለ ጣራ ሥር ወለልና ስለ ዕቃው ምርጫ የቀረበ ሂስ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ተረቱን የምንጠቅሰው ያላትን ሳታጸና ሌላ ለማግኘት ስለምትጣደፍ ሰው ነው እንጂ ስለ ቤት አሠራር ብለን አይደለም። ነገር ግን ቃሉን ልብ ብለን ብንመረምረው፣ ይህን ተረት ያወጡት ሰዎች በቤታቸው ውስጥ ከራስ በላይ ዕቃ የሚቀመጥበት ቆጥ እንደ ነበራቸውና ዕቃ ማውጣትና ማውረድም የየዕለት ሥራቸው እንደ ነበረ እንረዳለን። ዛሬ ተረቱ ቀርቷል፤ ቆጡ ግን ከአዲሶቹ ቤቶቻችን ጠፍቷል። በእርሱ ፋንታ ኮርኒስ ገብቷል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማመልከት የፈለግሁት ኮርኒስ መጥፎ ነው ብዬ አይደለም። ኮርኒስ የራሱ የሆነ ጥቅም አለው። የማቀርበው ሂስ ሌላ ነው፤ ይኸውም ቤት የሚያሠራው ሰው ኮርኒስን የሚመርጠው ከታች ሆኖ በሚያይ እንግዳ ዓይን ሲሆን፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ያንኑ ኮርኒስ እንደ ቆጥ ሊጠቀምበት መሞከሩ ነው። ለዓይን ተብሎ የተመረጠ ዕቃ ሸክም ተጭኖበት ሲሰበር ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የምርጫው ነው።

ይህን ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ በፉሪ በምትኖረው በአክስቴ ቤት የደረሰው አደጋ ነው። አክስቴ በአዲሱ ቤቷ መኝታ ክፍል ላይ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ስፍራ በከንቱ ሲቀር ስላሳዘናት፣ ለመብራት ሠራተኛ በተተወው ቀዳዳ በኩል አራት ኩንታል በቆሎ፣ የተፈታ አልጋና የልጆቿን አሮጌ መጻሕፍት አስወጥታ አስቀመጠች። በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት ሞራሌው ተሰብሮ ቺፕውዱና ከላዩ የነበረው ዕቃ ሁሉ በአልጋው ላይ ወረደ። በዚያ ሌሊት ልጆቹ በሌላው ክፍል ተኝተው ስለ ነበሩ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። በማግሥቱ የተጠራው አናጢ ቀና ብሎ ካየ በኋላ «እትዬ፣ ያዘዙኝ ኮርኒስ ነው፤ ቆጥ ቢሉኝ ኖሮ ቆጥ በሠራሁ ነበር» አለ። አክስቴ በንግግሩ ተቆጣች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሳስብበት፣ ሰውየው የተናገረው እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ስፍራው

ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኝ ስፍራ ነው። ስሙን የሚጋራው የፉሪ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረው ሜዳ ዛሬ በቤት ተሸፍኗል። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሲመረቅ የመንገደኞቹ ጣቢያ የተሠራው በፉሪ-ለቡ ነው። በአቅራቢያውም የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች ይታያሉ። ስለዚህ በአንድ አካባቢ የጭቃ ቤት፣ የብሎኬት ቤትና ባለ ፎቅ ቤት ጎን ለጎን ቆመው ማየት ይቻላል፤ ስለ ቤት አሠራር ለሚያጠና ተማሪም ይህ መልካም አጋጣሚ ነው።

የአየሩ ጠባይ ለነገራችን ዋና ጉዳይ ስለ ሆነ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ብርቱ ነው፤ በረዶም ይቀላቀልበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ቀኑ ግን ፀሐያማ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ቆርቆሮ ብቻውን ጣራ ሲሆን አራት ችግሮችን ያመጣል። በቀትር ሙቀት ወደ ውስጥ ያስገባል። ሌሊት የቤቱን ሙቀት ያስወጣል። ዝናብ ሲዘንብ እናትና ልጅ ሊነጋገሩ እስከማይችሉ ድረስ ይጮኻል። ሲነጋጋም በውስጥ በኩል ስለሚያልበው ይንጠባጠባል። ኮርኒስ የተፈለገው እነዚህን አራት ችግሮች ለማቃለል ነው። ከመጀመሪያውም ሸክም እንዲሸከም አልታሰበም።

ቆጥና ኮርኒስ

ከዚህ ላይ የሁለቱን ቃላት ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። ቆጥ የሚለው ስም የሚናገረው ስለ አገልግሎት ነው። በገጠር የአማራ ቤት ቆጥ ከከብቶቹ ማደሪያ በላይ ወይም በአንድ ጎን በአጣና የሚረበረብ ሲሆን፣ ሰው ይተኛበታል፤ ዕቃ ይቀመጥበታል፤ ዶሮም ማታ የሚሰፍርበት እንጨት በዚሁ ስም ይጠራል። ኮርኒስ የሚለው ቃል ግን ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በመጣበት አገርም ትርጉሙ በግድግዳና በጣራ መገናኛ ላይ የሚሠራ ጌጥ ወይም የሥዕል ክፈፍ ማለት ነው። እንግዲህ አንደኛው የሥራ ስም፣ ሁለተኛው የጌጥ ስም ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የአክስቴ ዕጣ ቢደርስበት አይደንቅም።

አባቶቻችን ከራስ በላይ የሚሆን ወለል መሥራት አያውቁም ነበር የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በላሊበላ ከድንጋይ የተሠሩት ክብ ቤቶች ባለ ሁለት ደርብ ናቸው። በሐረር ግንብ ውስጥ ባሉት አሮጌ ቤቶችም ከጎን ክፍሉ በላይ ለዕቃና ለመኝታ የሚሆን ትንሽ የላይ ክፍል ይገኛል። ለውበት የሚሠራው የእንጨት ጣራም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በእንስሳት ሥዕል የተቀረጸ የእንጨት ጣራ አለው፤ ይምርሐነ ክርስቶስም እንዲሁ በእንጨት ሥራው የታወቀ ነው። ከእነዚህ የምንማረው የጥንት ባለሙያዎች የሚታየውን ጣራና የሚረገጠውን ወለል ለያይተው ማወቃቸውን ነው። ለዓይን የሚሠራውን ይቀርጹታል፤ ለእግር የሚሠራውን ያጠነክሩታል።

ነገሩ የተለወጠው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ነው። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቀጥ ያለና ርካሽ እንጨት ለከተማው ሰጠ። በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ቆርቆሮ በብዛት መግባት ቻለ። የሣር ክዳን ሾጣጣ በመሆኑና የቤቱ ጭስም ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በሣር ቤት ውስጥ ቆጥ የሚሠራው በጎን ብቻ ነበር። የቆርቆሮ ቤት ግን አራት ማዕዘን ሆነ፤ ጭሱም ወደ ውጭ ማድ ቤት ተዛወረ። እንግዲህ ከራስ በላይ ንጹሕና ደረቅ ስፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በዚህ ጊዜ ነበር። ያን ስፍራ ወለል በማድረግ ፈንታ በአቡጀዲ ሸፍነን ተውነው። ሂሴ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሸክሙ ምን ያህል ነው?

ዕቃ ከመምረጥ በፊት ሸክሙን ማወቅ ይገባል። ይህ ለምህንድስና ተማሪዎች የታወቀ ነገር ቢሆንም፣ ቤት ከሚያሠሩት ሰዎች መካከል የጠየቅኋቸው ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ቀለም እንጂ ስለ ሸክም አንድም ቃል አልነገሩኝም።

አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። አንድ ቤተሰብ ስድስት ኩንታል እህል 3 ካሬ ሜትር በሚሆን ስፍራ ላይ ቢያስቀምጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 200 ኪሎ ይጫናል። ይህ መሐንዲሶች ሰው ለሚኖርበት ክፍል ወለል ዘወትር የሚያስቡት ሸክም ያህል ነው። ስለዚህ «ጥቂት ዕቃ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ራስን ማታለል ነው። እህል የሚቀመጥበት የጣራ ሥር ስፍራ ከሳሎን ወለል ያላነሰ ጥንካሬ ያስፈልገዋል።

አሁን ኮርኒስ የሚሸከመውን እንመልከት። ዘወትር በሥራ ላይ የሚውለው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፕውድ ሲሆን፣ የሚቸነከረውም በየ60 ሳንቲ ሜትሩ በተዘረጋ 4 በ5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሞራሌ ላይ ነው። ሞራሌውን 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ድቡልቡል የባሕር ዛፍ አጣና ጋር በስሌት ሳነጻጽረው፣ የሞራሌው ጉልበት ከአጣናው ጉልበት አንድ ስድስተኛ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የቺፕውዱ ድክመት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ይፈረፈራል፤ ሚስማሩም ይለቀዋል። በአክስቴ ቤት በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ በኩል ክረምቱን ሁሉ ሲንጠባጠብ የቆየው ውሃ የሸክሙ ተባባሪ ነበር።

ስለ እንጨት ጉልበት ሁለት ሕጎችን ማስታወስ ይበቃል። የመጀመሪያው አቀማመጡን፣ ሁለተኛው በድጋፎቹ መካከል ያለውን ርቀት ይመለከታል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የእጅ ሥራ መምህራችን ማስመሪያ በሁለት መጻሕፍት መካከል በጠፍጣፋው አስተኝተው በጣታቸው ሲጫኑት ጎበጠ፤ በጠርዙ አቁመው ሲጫኑት ግን ንቅንቅ አላለም። ያው እንጨት፣ ያው ክብደት ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ስለዚህ 5 በ10 የሆነ እንጨት ሲዘረጋ 10ሩ ወደ ላይ እንዲቆም መደረግ አለበት፤ እንዲህ ከተደረገ ተኝቶ ከሚሆነው ይልቅ መጉበጡ በአራት እጅ ያንሳል። በፉሪ ባየኋቸው ጥቂት ቤቶች ግን እንጨቱ ለመቸንከር እንዲመች ተብሎ በጠፍጣፋው ተኝቷል።

ሁለተኛው ሕግ በድጋፍና በድጋፍ መካከል ያለውን ርቀት የሚመለከት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን፣ ሸክሙ በእኩል የተበተነ ከሆነ የእንጨቱ መጉበጥ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። የባሕር ዛፍን ጥንካሬ በመካከለኛ ግምት ወስጄ ሳሰላው፣ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር አጣና በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ተደርድሮ ከላይ ያልነውን ሸክም ቢሸከም፣ በ2 ሜትር ርቀት ላይ የሚጎብጠው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ4 ሜትር ላይ ግን መጉበጡ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። አጣናው በሁለት ሳንቲ ሜትር ቀጥኖ 8 ቢሆን ደግሞ ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል። ገበያ ላይ «ያው ነው፣ ትንሽ ይቀጥናል እንጂ» ተብሎ የሚሸጠው አጣና እንግዲህ ያው አይደለም።

የዕቃዎቹ ምርመራ

ከዚህ ቀጥሎ በፉሪ ለጣራ ሥር በሥራ ላይ ሲውሉ ያየኋቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ እመረምራለሁ።

አቡጀዲና የማዳበሪያ ከረጢት። እነዚህ በጭቃ ቤቶች ውስጥ ተወጥረው በኖራ ወይም በቀለም ይቀባሉ። ርካሽ ናቸው፤ አቧራና ነፍሳት እንዳይወርድም ይከለክላሉ። ነገር ግን ጩኸቱንና ቅዝቃዜውን እምብዛም አይከላከሉም፤ አይጥም ሌሊት ሲሮጥባቸው ይሰማል። ስለ እነዚህ የምናገረው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ተሳስቶ ዕቃ አይጭንባቸውም። ድህነታቸው ግልጽ ስለ ሆነ አያታልሉም።

ቺፕውድና ኮምፔንሳቶ። እነዚህ የሚያታልሉ ናቸው። ከታች ሲታዩ እንደ ጣውላ ቀጥ ያሉና የጸኑ ይመስላሉ። ቺፕውድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ነው። ኮምፔንሳቶ ግን ስስ እንጨቶች አንዱ በሌላው ላይ በመስቀል ተደርበው የሚሠራ ስለ ሆነ ከቺፕውድ ይሻላል፤ ውፍረቱም ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋው በደኅና ወራጅ ላይ ከተኛ ለወለል ይሆናል። ስሱ ግን ለኮርኒስ እንጂ ለሌላ አይሆንም። ቤት አሠሪው «ኮምፔንሳቶ አልብሼዋለሁ» ብሎ ሲመካ «ውፍረቱ ስንት ነው? ከሥሩስ ምን አለ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

አጣናና ጭቃ። አንዳንድ ሰዎች አጣናውን አጥብቀው ረብርበው በላዩ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይለስኑበታል። ይህ በሙቀትና በቅዝቃዜ ረገድ ከሁሉ ይበልጣል፤ የዝናቡን ጩኸት ይውጣል፤ እሳትም ቶሎ አይበላውም። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭቃ በካሬ ሜትር 170 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ይህም ገና አንድ ኩንታል ሳይወጣበት ነው። ስለዚህ ጭቃው ከ3 ወይም ከ4 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ አጣናውም አጭር ርቀት ላይ እንዲሆን ያስፈልጋል። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ እርጥብ ጭቃ ክብደቱ ይጨምራል፤ አጣናውም ከሥር ሳይታይ ይበሰብሳል። ይህን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ቆርቆሮውን ይጠግን።

ጣውላ በወራጅ ላይ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ለጣራ ሥር ወለል ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ጣውላ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። ሲጎዳ አንዱን ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል። የአካባቢው አናጢም ያውቀዋል።

ሆኖም ባሕር ዛፍ አስቸጋሪ እንጨት ነው። እርጥብ ሳለ ከተቸነከረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማል፤ በጣውላና በጣውላ መካከልም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። በፉሪ ካየኋቸው ጉድለቶች የሚበዙት ከዚህ የመጡ ናቸው፤ ምክንያቱም እንጨቱ ጠዋት ከገበያ ተገዝቶ ከሰዓት በኋላ ይቸነከራል። ቤት የሚያሠራ ሰው ጣውላውን በመጀመሪያ፣ ማለት ገና መሠረቱ ሲቆፈር ገዝቶ፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ በጥላ ሥር ቢከምረው፣ ግድግዳው እስኪቆም ድረስ ይደርቅለታል። ይህ ምክር ሳንቲም አያስወጣም፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጠላት ምስጥ ነው። አጣናው ልጡ ተልጦ እንዲደርቅ፣ ከጭቃው ግድግዳ ጋር የሚገናኘው ጫፉም የተቃጠለ ዘይት እንዲቀባ አናጢዎች ይመክራሉ። ጥድና ወይራ ምስጥን የሚቋቋሙ እንጨቶች ናቸው፤ ዝግባና ዋንዛም ለጣውላ የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ የአገር ዛፎች ከደኖቻችን እየተመናመኑ ስለ ሄዱ፣ ለጣራ ሥር ወለል ብሎ ጥድ መቁረጥ ለእህል ማስቀመጫ የሚሆን የወርቅ ሣጥን እንደ መሥራት ነው። ባሕር ዛፍን በጥንቃቄ መሥራት ይበቃል።

ሶሌታ። ባለ ገንዘቡ ሰው «እንጨት ምን ያደርግልኛል? ሶሌታ አስሞላለሁ» ይላል። ሶሌታ በእርግጥ ከሁሉ የጸና ነው፤ አይቃጠልም፤ ምስጥም አይበላውም። ነገር ግን 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ በካሬ ሜትር ከ360 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን የሚሸከም ቋሚ፣ ፌሮና መሠረት ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ በፉሪ ሜዳ ብዙ ስፍራ የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ነው። በላዩ የሚቆመው ቤት ሲከብድ መሠረቱም በዚያው መጠን ጥልቅና ውድ መሆን ይኖርበታል። ወደፊት በላዩ ሌላ ፎቅ ለሚጨምር ሰው ሶሌታ ተገቢ ነው። ለጥቂት ኩንታል እህልና ለአሮጌ ሣጥን ግን ከልክ ያለፈ ነው። በኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች የተሠራበት ዘዴ፣ ማለት አስቀድመው ተሠርተው የሚወጡ የኮንክሪት ወራጆችና በመካከላቸው የሚደረደር ባዶ ብሎኬት፣ ከሙሉ ሶሌታ ይልቅ ቀለል ስለሚል፣ ኮንክሪት የግድ ለሚሻ ሰው እርሱን መመርመር ይበጃል።

ስለ እሳትና ስለ መብራት ገመድ

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ገመድ ዘወትር የሚዘረጋው በኮርኒሱ ላይ ነው። አይጥ ገመዱን ያኝካል፤ ዕቃ ሲጫንበትም ይደቅቀዋል። በደረቅ እንጨት፣ በከረጢትና በወረቀት መካከል ብልጭታ ሲነሣ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። በጥር 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ፣ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ የብዙ ዓመት የእንጨት ሥራ በጥቂት ሰዓት ሊጠፋ እንደሚችል ለከተማው ሰው አስታውሷል። ስለዚህ የጣራ ሥር ወለል በሚሠራበት ቤት ገመዱ በቱቦ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ጥግ እንዲሄድ ማድረግ የዕቃው ምርጫ አንድ ክፍል እንጂ ሌላ ሰው የሚያስብበት ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ለሚነሡ መቃወሚያዎች መልስ

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ባካፈልኋቸው ጊዜ ሁለት መቃወሚያዎች ቀረቡልኝ። የመጀመሪያው «ቆጥ የገጠርና የድህነት ምልክት ነው፤ በአዲስ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ሰዎቹ ቆጥን አልተዉም፤ ስሙን ብቻ ተዉት። እህሉ፣ አልጋው፣ የክረምቱ ብርድ ልብስና የበዓሉ ድስት አሁንም ወደ ላይ ይወጣል። ልዩነቱ ድሮ በሚሸከመው ላይ ይወጣ የነበረው ዛሬ በማይሸከመው ላይ መውጣቱ ነው። መሬት በተወደደበት ከተማ ከራስ በላይ ያለውን ስፍራ ንቆ መተው ሥልጣኔ ከተባለ፣ እኔ ያንን ሥልጣኔ አላውቀውም። በውጭ አገር መጻሕፍት የጣራ ሥር ክፍል በእጅጉ ታስቦበት የሚሠራ ስፍራ መሆኑን እናነባለን። እርግጥ የእነርሱ ዋና ጭንቀት በረዶና የቤት ማሞቂያ ወጪ ስለ ሆነ ምክራቸውን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ነገር ግን «ለምን አገልግሎት ነው?» ብለው አስቀድመው መጠየቃቸውን ልንማር እንችላለን።

ሁለተኛው መቃወሚያ የገንዘብ ነው፤ ይህ የመጀመሪያውን ያህል ቀላል አይደለም። መላውን ቤት በወራጅና በጣውላ መሸፈን ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። እኔ ግን መላው ይሸፈን አላልሁም። መልሱን የምናገኘው ከአሮጌው ቤት ነው። የአባቶቻችን ቆጥ መላውን ቤት አይሸፍንም ነበር፤ በአንድ ጎን፣ ከግድግዳ አጠገብ፣ አጭር ርቀት ባለበት ብቻ ነበር የሚሠራው። በዛሬውም ቤት እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ከመተላለፊያው ወይም ከዕቃ ቤቱ በላይ፣ ግድግዳና ግድግዳ በ2 ሜትር በሚቀራረቡበት ስፍራ፣ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር አጣና በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በግድግዳው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፤ በላዩ የደረቀ ጣውላ ይቸንከር፤ ሰው የሚያስገባ በርና ጽኑ መሰላል ይደረግለት። ሳሎኑና መኝታ ክፍሉ በኮርኒስ ይሸፈን፤ በእነርሱ ላይ ግን አንዳች ዕቃ አይውጣ። እንዲህ ቢሆን ቤተሰቡ ቆጥም ኮርኒስም ይኖረዋል፤ ወጪውም በጥቂት አጣናና ጣውላ ይወሰናል።

ወራጁም ከጣራው እንጨት ጋር እንዳይያያዝ ያስፈልጋል። ጣራውን የተሸከመው የእንጨት ሦስት ማዕዘን የታሰበው ለቆርቆሮና ለነፋስ ነው። በታችኛው እንጨቱ ላይ እህል ቢንጠለጠልበት ኮርኒሱ ብቻ ሳይሆን ጣራው ራሱ ይጎብጣል። ቆጡ በግድግዳ ላይ፣ ጣራው በራሱ ላይ ይቁም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የዘረዘርሁትን በጥቂት ቃል ለማጠቃለል፣ የጣራ ሥር ዕቃ ምርጫ «ከታች ሲታይ ምን ይመስላል?» በሚል ጥያቄ ሊጀመር አይገባውም፤ «ከላይ ምን ይቀመጥበታል?» በሚል ይጀመር። መልሱ «ምንም» ከሆነ ቺፕውድም፣ አቡጀዲም፣ ያማረውም ሁሉ ይሁን። መልሱ እህል ከሆነ ግን ኩንታሉ ይቆጠር፤ ርቀቱ ይለካ፤ እንጨቱ ይድረቅ።

ወቀሳው በቤት አሠሪዎች ላይ ብቻ እንዲወድቅ አልፈልግም። ያየኋቸው የቤት ንድፎች ክፍሎቹን፣ በሮቹንና መስኮቶቹን በጥንቃቄ ያሳያሉ፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ስፍራ ግን ባዶ ነጭ አድርገው ይተዉታል። ያን ባዶ ስፍራ የሚሞላው ባለሙያው ሳይሆን አክስቴ ናት። እንግዲህ ነገ ንድፍ የምናወጣው እኛ ተማሪዎች ነንና፣ በዚያ ነጭ ስፍራ ላይ ወይ የወራጅ መሥመር እናስምርበት፣ ወይም «ዕቃ አይጫንበትም» ብለን እንጻፍበት። በዚህ ረገድ የተሳሳትሁት ቢኖር መምህራንና ጓደኞቼ እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አክስቴ በዚህ ዓመት ከመተላለፊያው በላይ ቆጥ አሠርታለች። ያንኑ አናጢ ጠርታ አስቀድማ «ቆጥ ነው ያልሁህ፤ ኮርኒስ አላልሁም» ስትለው ሰምቻለሁ። እርሱም ከመጀመሩ በፊት ስንት ኩንታል እንደምታስቀምጥበት ጠየቃት።